ሲሙ በማን ስም ነው?

ኤርጎጌ የዙሉን ቋንቋ የተማረችው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆና ነው። ከሆሳዕና አካባቢ ተነስታ ጆሃንስበርግ ስትደርስ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ቀን የአገሯ ሰዎች ካትሌሆንግ ወደሚባል የጥቁሮች ሰፈር ወስደው አንድ ሱቅ ውስጥ አስገቧት፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ዓለምን ያየችው ዳቦና ሳሙና በምታቀብልበት መስኮት በኩል ነበር። አስተማሪ አልነበራትም። ደንበኛ ሲናገር ትሰማለች፤ የሰማችውን በካርቶን ቁራጭ ላይ በእኛው ፊደል ትጽፋለች፤ በማግስቱ ያንኑ ቃል ለሌላ ደንበኛ ትወረውርና ፊቱን ታያለች። ከሳቀ ተሳስታለች። ዕቃውን ይዞ ዝም ብሎ ከሄደ ልክ ናት። በአራተኛው ዓመት የሰፈሩ አሮጊቶች መስኮቱ ላይ ተደግፈው ስለ ልጆቻቸው የሚያማክሯት ሰው ሆነች።

ሱቁን ትታ ከተማ ውስጥ ሜይፌር ሰፈር ከገባች በኋላ ጄፒ ገበያ ላይ ብርድ ልብስ መሸጥ ጀመረች። የምትኖረው በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ሰፊውን ሳሎን በኮምፔርሳቶ አራት ቦታ ከፍሎ ያከራየዋል። ከአጠገቧ ያለው ክፍል የበቀለች ነው። በቀለች የአገሯ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያኗም እህት ናት፤ ድስታቸው አንድ ነበር። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ትላለች።

በማርች 2020 አገሩ በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጋ ጄፒም ተዘጋ። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው የኤርጎጌ ብርድ ልብሶች ክፍሏ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተደርድረው ቀሩ። ሎኬሽን በምንላቸው የጥቁሮች ሰፈሮች ያሉ ሱቆች ግን የሚበላ ስለሚሸጡ ክፍት ነበሩ። አንድ ጠዋት ማናሴ ደወለ። ማናሴ ከአገር ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው ጎረምሳ ነው፤ ካትሌሆንግ ውስጥ ብቻውን ሱቅ ይዟል።

«እህት ኤርጎጌ፣ አንድ ሰውዬ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይጮህብኛል። ምን እንደሚል አላውቅም!»

«ስልኩን ወደ እሱ አዙረው።»

ሰማችው። ሲጋራ ነው የሚለው። ሲጋራ መሸጥ በዚያ ሰሞን ተከልክሏል፤ ሰውዬው ግን ልጁ ደብቆ ለራሱ ሰዎች የሚሸጥ መስሎታል። ኤርጎጌ በስፒከር ሁለት ሦስት ቃል ተናገረችው። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀና ሄደ።

«ምን ብለሽው ነው የሳቀው?» አለ ማናሴ።

«‹ይህ ልጅ ሲጋራ ቢኖረው ራሱ አጭሶ ይጨርሰው ነበር፤ ጭንቀቱን አታይም?› አልኩት።»

«እኔ እኮ አማኝ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ሰውዬው ግን ሄደልህ።»

ማናሴ ለጓደኞቹ ነገረ። በሳምንቱ በቀን አስር፣ አስራ አምስት ሰው ይደውልላት ጀመር። እያንዳንዱን ደንበኛ በስልክ ማባበል እንደማያዛልቅ ገባት። ዓሣ ከመስጠት ማጥመድ ማስተማር ይሻላል የሚለውን ስብከት መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ሥራ ላይ ያዋለችው ግን ያን ጊዜ ነው። የዋትሳፕ ክፍል ከፈተች።

ሥራዋ እንደ ልብስ ሰፊ ሥራ ተለክቶ የሚቆረጥ ነበር። አንድ ትምህርት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ የልጆቹ ዳታ ትንሽ ስለሆነ ረጅም ድምፅ አይወርድላቸውም። አንድ ትምህርት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይወጣል፦ ግማሽ ዳቦ የሚፈልግ ሰው፣ ማስክ ያላደረገች እናት፣ መልስ ጎደለኝ የሚል ተማሪ። በመጀመሪያ ደንበኛው የሚለውን ሁለት ጊዜ በዝግታ ትላለች፤ ቀጥላ ባለ ሱቁ የሚመልሰውን፤ ከዚያ ተማሪው እንዲደግመው አምስት ሰከንድ ዝም ትላለች። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትልካለች፤ ተማሪዎቹ እስከ አስር ሰዓት የራሳቸውን ድምፅ ቀድተው ይመልሳሉ፤ እሷም እርሳስ ይዛ አንድ በአንድ ታዳምጣለች። የምትቀዳውም በብርድ ልብሶቹ መካከል ነበር። በአራት ወገን ትደረድራቸውና አንዱን ከነራሷ ትከናነበዋለች፤ የጎረቤት ቴሌቪዥንም የመንገድ መኪናም አይሰማም። በላብ ተጠምቃ ስትወጣ በቀለች ትስቅባታለች።

«ዛሬስ ሳውናው እንዴት ነበር መምህርት?»

«ሦስት ጊዜ ቀዳሁት። ሁለተኛው ላይ አንቺ ሽንኩርት ትከትፊ ነበር።»

በፊደላችን የማይጻፉትን የዙሉ ድምፆች ማስያዝ ከሁሉ ያስቸግር ነበር። ለእነሱም ዘዴ አበጀች። አንዱን «ጋሪ ላይ ተቀምጠህ ፈረሱን ስታስነሳ በጉንጭህ የምታሰማው ነው» አለቻቸው፤ የሆሳዕና ልጆች በአንድ ቀን ያዙት። ሌላውን «ሰው ተጎድቶ ስታይ ከንፈርህን ትመጥ የለ? እሱ ነው» አለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ሁሉም በቀጥታ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ እሷ ደንበኛ ሆና ትመጣለች።

«ማይ ፍሬንድ!» ብላ እንደ ሰካራም በዙሉ ትጮሃለች። «ግማሽ ዳቦ ስጠኝ፣ ነገ እመጣለሁ!»

ዳቬይተን በሚባለው ሎኬሽን የሚሠራው ፋንታሁን ደንግጦ «ንጊያቦንጋ» አለ።

«አመሰገንከኝ እኮ! ዳቦውን ይዤ ልሂድ?»

«ፈርቼ ነው እህቴ።»

«ሰካራሙን ነው እኔን የፈራኸው?»

«አንቺን!»

ከየሎኬሽኑ ሳቅ ይመጣል። ሰው ሞተ፣ ሰው ታመመ ከሚል ወሬ በቀር ሌላ በማይሰማበት ወራት፣ ከፍርግርግ ኋላ ብቻውን ቆሞ ለሚውል ልጅ ያ ሳቅ ትንሽ ነገር አልነበረም። ኤርጎጌ እያንዳንዱን ድምፅ የምትጀምረው «እኔ ኤርጎጌ ነኝ» ብላ ነው። አስር ዓመት «ማይ ፍሬንድ» ተብላ ስትጠራ የኖረች ሴት በስሟ የቆመ ነገር ያገኘችው ገና አሁን ነበር።

አሁን ወደ ሲሙ እንምጣ። ክፍሉ ሲበዛ ለትምህርቱ ብቻ የሚሆን ሌላ ቁጥር አስፈለጋት። በዚህ አገር ሲም ያለ ወረቀት አይመዘገብም። የእሷ የጥገኝነት ወረቀት ቀኑ ያለፈው ቢሮዎቹ በተዘጉበት ወር ነው፤ መንግሥት አራዝሜዋለሁ ቢልም፣ የስልክ ሱቁ ልጅ ቀኑን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ። ስለዚህ የእኛ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ወረቀት ያለው ሰው ፈለገች። የቤት ኪራይ፣ የሱቅ ውል፣ የመኪና ሊብሬ፣ ሲም፤ ግማሹ ሐበሻ የሚኖረው በሌላው ግማሽ ስም ነው። የኤርጎጌ ሰው አቢሶ ነበር።

አቢሶ የመንደሯ ልጅ ነው፤ በመጣችበት ዕለት ከአውቶቡስ መናኸሪያ የተቀበላትም እሱ ነው። ዳቬይተን ሱቅ አለው፤ በመኪናው ከጅምላ መደብር እየጫነ ለብዙዎቹ ልጆች ዕቃ ያደርሳል። በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይመራል። በስሙ የወጡ ሲሞች ከአስር ይበልጣሉ።

«ስም ብቻ ነው እህቴ» አላት ሲሙን ሲሰጣት። «ቁጥሩ ያንቺ ነው፤ እኔ መኖሩንም እረሳዋለሁ።»

በጁን መጨረሻ ወደዚያ ቁጥር አንዲት ሴት ደወለች። ስሟ ቶኮ ነው፤ ስደተኞችን ከሚረዳ አንድ ድርጅት ነበር የምትደውለው። ክፍሉን ሰምተነዋል፣ ድምፆቹን ወደ ድረ ገጻችን አስገብተን ከኬፕታውን እስከ ሊምፖፖ ላለ ባለ ሱቅ ሁሉ ማዳረስ እንፈልጋለን አለች። የአስተማሪው ስም ከላይ ይጻፋል፤ ሥራው ሲያልቅም ድርጅቱ ለአስተማሪው የምስክር ደብዳቤ ይሰጣል። አንድ ፎርም ትልካለች፤ ፎርሙ ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቃል።

ኤርጎጌ ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን በክንዷ ደበደበች። «በቀለች! ነዪ ስሚ!» ሁለቱም አልጋው ላይ ተቀምጠው ተላቀሱ። በማግስቱም ፎርሙን አሳትማ በታክሲ ዳቬይተን ድረስ ሄዳ ለአቢሶ አሳየችው፤ ሲሙ በስምህ ቢሆንም የምሠራበት እኔ እንደሆንኩ አንድ መስመር ጻፍልኝ ልትለው ነው።

አቢሶ ፎርሙን አገላበጠው። «እንግሊዝኛው ከባድ ነው» አለ። «ተይው እኔ እሞላዋለሁ።»

ተወችለት። ፎርሙን ሳትፈርምበት ተወችለት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሰላሳ ስምንተኛውን ትምህርት ልትልክ ስልኳን ብታነሳ ሲሙ መስመር የለውም። አጠፋችው፣ አበራችው፣ አውጥታ ጠረገችው። ዋትሳፑም «ይህ ቁጥር በሌላ ስልክ ላይ ተመዝግቧል» አላት። ማስኳን አድርጋ ፎርድስበርግ ድረስ ወደ ስልክ ሱቁ ሄደች። ልጁ ኮምፒውተሩን ተመለከተ።

«ባለቤቱ ትናንት መጥቶ በአዲስ ሲም ቀይሮታል።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«ሲስ፣ እዚህ የወንድ ስም ነው የሚያሳየው።»

በራሷ ቁጥር ለአቢሶ ደወለች። በአራተኛው አነሳ።

«ወንድም አቢሶ፣ ሲሙ ሞተብኝ።»

«አልሞተም። እኔ ጋ ነው።»

«አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

«ሲሙ በማን ስም ነው ኤርጎጌ?»

«ስም ብቻ ነው ያልከኝ አንተ ነህ» አለች።

«አዎ፣ ስም ነው። ፎርሙም የሚጠይቀው ስም ነው። የአንቺ ወረቀት ቀኑ አልፎበታል፤ አይተው ቢመልሱሽ መቶ አርባ ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራል። እኔ ለእነሱ ብዬ ነው።»

«ጠይቀኸኝ ነበር?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?»

«አልልም።»

«እንግዲያውስ።»

ያን ቀን ከሰዓት በቀለች በዋትሳፑ ክፍል ውስጥ ስለነበረች የተላከውን ድምፅ ከፈተችላት። ቀደም ሲል የላከችው የራሷ የኤርጎጌ ድምፅ ነው፤ ግን ከመሃል ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሰከንዶች ተቆርጠዋል። በእነሱ ቦታ «በወንድም አቢሶ የተዘጋጀ የዙሉ ትምህርት» የሚል ገብቷል። ከታችም ማስታወቂያ አለ፦ «እህት ኤርጎጌ ስለደከማት አረፍ ብላለች፤ በጸሎት አስቧት።»

«በቁሜ ለቅሶ ተቀመጡልኝ» አለች ኤርጎጌ።

ለማናሴ ደወለች፤ ከሁሉ በፊት የመጣ እሱ ነውና ይናገርልኛል ብላ። «እህቴ፣ የሱቁን ዕቃ የሚያደርስልኝ ወንድም አቢሶ ነው» አለ። «መኪናው አንድ ሳምንት ቢቀር ምን እሸጣለሁ?» ሌሎች ስድስት ልጆችንም ሞከረች። ሁሉም ያንኑ የአቢሶን መኪና ምክንያት አደረጉ።

ነገሩን ወደ ሽማግሌዎች ወሰደችው። ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ስለነበር ሽምግልናው ቅዳሜ ከሰዓት በዙም ተደረገ። ሰብሳቢው ጋሽ ደሳለኝ ነበሩ። ኤርጎጌ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁጥሩ ይመለስልኝ፤ ያስተማርኳቸው እኔ መሆኔ ለልጆቹም ለድርጅቱም ይነገር።

አቢሶ አልካደም። «ድምፁ የእሷ ነው፣ ማን ካደ?» አለ። «ግን በዚያ ሲም አንድ ነገር ቢፈጠር ፖሊስ የሚመጣው እኔ ቤት ነው። ደግሞም እሷ በቃል ጀመረችው እንጂ እኔ ነኝ መልክ ያስያዝኩት።»

«ምን መልክ?» አለች ኤርጎጌ። «ስሜን መቁረጥ ነው መልኩ?»

«እህቴ፣ በቀስታ» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። «ምስክር አለሽ?»

«አለኝ። በቀለች። እያንዳንዱን ስቀዳ ከጎኔ ነበረች።»

የበቀለች ስም ስክሪኑ ላይ ነበር። ፊቷ አይታይም፤ ማይኩ ቀይ ነው።

«እህት በቀለች፣ የምታውቂውን ተናገሪ» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። ጠበቁ። «ማይክሽን ክፈቺ ልጄ።»

ኤርጎጌ ከኮምፔርሳቶው ማዶ በቀለች ስትስል ሰማቻት። አልጋዋ ሲንቋቋ፣ ስልኩን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ ስታዛውር ሁሉ ይሰማታል። በዙሙ ላይ ግን አንዳች ድምፅ የለም። ጥቂት ቆይቶ ከታች ጽሑፍ መጣ፦ «ኔትወርክ እምቢ አለኝ። ይቅርታ።»

የበቀለች ታናሽ ወንድም የሚሠራው ዳቬይተን፣ አቢሶ ሱቅ ውስጥ ነው። ኤርጎጌ ይህን ታውቅ ነበር። ታውቅ ነበር እንጂ እንደዚህ አላሰበችውም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላል የአገሬ ሰው።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ፈረዱ። ሲሙ የወንድም አቢሶ ነው፤ ድምፁ የእህት ኤርጎጌ ነው፤ እሱ ያስተባብር፣ እሷ ትቅዳ፣ ሥራው የጌታ ነው፣ በጸሎት ይዘጋ። ጋሽ ደሳለኝ «አሜን በሉ» ሲሉ ሁሉም ማይኩን ከፍቶ አሜን አለ፤ የበቀለችም ኔትወርክ ለአሜኑ መጣላት። ኤርጎጌ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ አቢሶ ሦስት መልእክት ላከባት። ድርጅቱ በኦገስት መጀመሪያ አንድ ትምህርት በቀጥታ ማየት ይፈልጋል፤ መጥተሽ አስተምሪ፣ ስሙን ግን እንዳለ ተዪው ነው የሚለው። አልመለሰችለትም። አቢሶ የሚያውቀው ዙሉ ለዋጋ ብቻ ነው፤ ያለ እኔ አይሆንለትም ብላ ጠበቀች። ይህ ስሌቷ ነበር፤ ስሌቱም ልክ ነበር፤ ያልቆጠረችው ግድግዳውን ነው።

ድርጅቱ ትምህርቱን በሚያይበት ማክሰኞ አስር ሰዓት ላይ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሳለ ከማዶ ድምፅ ሰማች።

«ሳውቦና ልጆች። ዛሬ ከእናንተ ጋር ያለሁት እህት በቀለች ነኝ። ይህን ድምፅ እንዴት ነው የምናወጣው? ጋሪ ላይ ተቀምጠህ ፈረሱን ስታስነሳ…»

ሰላሳ ሰባቱንም ትምህርት በኮምፔርሳቶው በኩል፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ልብስ እያጠበች፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ሰምታዋለች። ቃሉን ይዛዋለች። ቀልዱንም ይዛዋለች። የኤርጎጌን አምስት ሰከንድ ዝምታ እንኳ አልዘለለችም። ፋንታሁን ሲሳሳት «ሰካራሙን ነው እኔን የፈራኸው?» አለችው፤ ልጆቹም ሳቁ። ቶኮ በእንግሊዝኛ «በጣም ግሩም» ስትል ተሰማ። ኤርጎጌ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። የገዛ ሥራዋን እንዲህ ከውጭ ሆና ሰምታው አታውቅም ነበር፤ ጥሩ ሥራ ነበር።

በመሃል የማናሴ ድምፅ ገባ። ሱቁ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራው። «እህቴ፣ ይቅርታ፣ አሁን መስኮቱ ላይ አንዲት እናት መጥታለች። ባሏ በኮሮና ሞቶባት ትናንት ቀብራዋለች። ሻማ ልትገዛ ነው። በየቀኑ ዳቦ የምትገዛ ደንበኛዬ ናት፤ ዝም ብዬ ሻማ ልሰጣት ነው? ምን ይባላል?»

ለቅሶ መድረስ ሽያጭ ስላልሆነ ኤርጎጌ ቀድታው አታውቅም። በቀለች ጋ የለም። ከማዶ «እ… ቆይ እስቲ… ኔትወርኩ…» የሚል ተሰማ፤ ወዲያው የኤርጎጌ ስልክ ነዘረ። ከበቀለች ነው። «እባክሽ። ምንድን ነው የሚባለው?»

ኤርጎጌ መልእክቱን አየችው። ዝም ብትል አቢሶ በቶኮ ፊት ይዋረዳል፣ በቀለችም። ማድረግ ያለባት ስልኩን ገልብጦ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። ግን ደግሞ ያቺን መስኮት ታውቃታለች። በዚያ ፍርግርግ በዚህ ወገን ቆማ፣ በዚያኛው ወገን የቆመችን ሐዘንተኛ ዓይን ዓይኗን እያየች የምትለውን ያጣችበት ቀን ነበራት፤ ሴትዮዋ ሁለተኛ ወደዚያ ሱቅ አልመጣችም። እኛ ለቅሶ ያልደረሰንን ሰው ምን እንደምንለው ይታወቃል፤ እነሱም እንደዚያው ናቸው።

ጻፈችው። «አክዌህላንጋ ሉንጌህላንጋ። ባርኔጣውን ያውልቅ፣ በሁለት እጁ ሻማውን ይስጣት፣ ቀስ ብሎ ይበላት። በሰው ያልደረሰ አልደረሰባችሁም ማለት ነው።»

በቀለች ቃሉን ለማናሴ አቀበለችው። በበቀለች ስልክ ውስጥ ማናሴ ለሴትዮዋ ሲላት ተሰማ፤ ከዚያ የአንዲት ሴት ረጅም ትንፋሽና በዙሉ የተነገረ ምርቃት መጣ። ማናሴ ተመልሶ ስልኩን ያዘ። እንዲህ ያለ ቃል ከማን ሊመጣ እንደሚችል ልቡ ያውቃል።

«ተባረኪ» አለ፤ ትንሽ ቆየና፣ «እህት በቀለች።»

ሲጨርሱ በቀለች በሩን አንኳኳች። አልገባችም፤ ደፉ ላይ ቆመች።

«ኤርጎጌ… እግዚአብሔር ይስጥሽ። እምቢ ብለው አቢሶ ወንድሜን ከሥራ ያስወጣው ነበር፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይቅር አልሽኝ ማለት ነው? መለስሽልኝ እኮ።»

«ለሴትዮዋ ነው የመለስኩት» አለች ኤርጎጌ። «ላንቺ አይደለም። ሁለተኛ አትላኪልኝ።»

ድርጅቱ ክፍሉን በሴፕቴምበር ተቀበለው። ድረ ገጹ ላይ «አስተባባሪ፦ አቢሶ፤ መምህርት፦ በቀለች» ይላል፤ ሰላሳ ሰባቱን ድምፅ የሚከፍት ሰው ግን የሚሰማው የኤርጎጌን ነው። እሷ በወሩ መጨረሻ ያን የኮምፔርሳቶ ክፍል ለቃ ሁለት መንገድ አልፎ ከአንዲት ሶማሊያዊት መበለት ቤት ተከራየች። ግድግዳው የጡብ ነው። ለውሉ የማን ስም ይግባ ስትባል የራሷን ሰጠች፤ ወረቀቱ ቀኑ ያለፈበት መሆኑንም ሳትደብቅ አሳየች። መበለቷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችውና «የእኔም ያው ነው» ብላ ቁልፉን ሰጠቻት።